ለብረት የማይጮኸው ማሽን

አንድ ሰው ነበረ፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር። ስሙን አልነግራችሁም። እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ያፍርብኛል።

ጡረተኛ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ዳማ ይጫወታል። አንዳንዱ ሚስቱን ጓዳ ድረስ እየተከተለ ስለ ወጥ ያማክራታል። ለእኛ መምህር ግን የእህቱ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አንድ ማሽን ይዞለት መጣ። እጀታው ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የምታክል ክብ ነገር አለችው። መሬት ለመሬት ሲያስኬዱት ከታች ብረታ ብረት ካለ በማዳመጫው በኩል ጆሮ ውስጥ ይጮኻል። ከዚያ ወዲያ መቆፈር ነው።

በቃ፣ ሰውዬው ፍቅር ያዘው! ማዳመጫውን ደፍቶ ይወጣል፣ ያገኘውን እየጠረገ በወተት ጣሳ ያስቀምጣል። ቀለሀ፣ የወታደር ኮት ቁልፍ፣ አንዲት ማርትሬዛ፣ ጓደኛዋ የጠፋባት ጉትቻ። ባለቤቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ «አንተ ሰው፣ እኔ እዚህ ቤት ውስጥ የጠፋብኝን ማንኪያ መቼ ነው የምትፈልግልኝ?» ትለዋለች። አይሰማትም። ማዳመጫ አድርጓላ!

ልቡ ግን አንድ ነገር ላይ ነበር። በጦርነት ዘመን ሕዝቡ ሲሸሽ፣ የድሮው ቤተ ክርስቲያን ቄስ መስቀሉን ግቢው ውስጥ ቀብረው ሄዱ፤ በሄዱበትም ቀሩ። የመምህሩ እናት በሕፃንነቷ የተሳለመችው መስቀል ነው። ልትሞት ስትል እጁን ይዛ «አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያ መስቀል ይኑርበት። አደራ» አለችው። ማሽኑ እጁ ሲገባ ትዝ ያለው ይህ አደራ ነው። ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ተቀብሎ ፍለጋውን ጀመረ። ለምረቃው ሦስት ዓመት ቀረው። ሁለት ዓመት ቀረው። አንድ ወር ቀረው። መስቀሉ የለም።

አስተማሪ ነውና በዘፈቀደ አልሠራም። ገና ሲጀምር ደብተሩን ይዞ ሰንበቴ ላይ ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ነበር። «መስቀሉ ከምን የተሠራ ነው?» ሁሉም በአንድ አፍ «የብር ነዋ! እንደ መስተዋት ያበራ ነበር» አሉት። ጻፈ። በግቢው ደግሞ የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ሚስማር ሞልቷል፤ ማሽኑ በየእርምጃው እየጮኸ አሰለቸው። ለካስ አንድ ማዞሪያ አለው። ይህን ሥራ የሚወዱ ሰዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት እሱም ማዞሪያውን አዞረና፣ ለብርና ለመዳብ እንጂ ለብረት እንዳይጮኽ አደረገው። እፎይ! ሦስት ዓመት ሙሉ በጸጥታ ተመላለሰ።

ከግቢው አጥር ሥር እማማ ዘርፌ ይኖሩ ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ሸክላ ሠሪ፣ አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰዎችን እንዴት እንደምናይ ለእናንተ አልነግርም። ማሰሯቸውን እንገዛለን፣ ቤታቸው ውሃ አንጠጣም። ሰንበቴ ላይ ጠርቷቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ እዚያ ሰንበቴ ተቀምጬ ዳቦውን እበላ ነበር፤ አንድ ቀን «እማማ ዘርፌስ?» አላልኩም።

እኚህ እናት በየቀኑ ከደጃቸው ሆነው «መምህር፣ ፀሐዩ ከረረ፤ ውሃ ላምጣልዎት?» ይሉታል። መምህሩ ማዳመጫ አድርጓል።

አንድ ቀን የማዳመጫው ገመድ ተበጠሰ።

«ውሃ ላምጣልዎት?»

ሰማ። ምን ይበል? ጠምቶታል፣ ደግሞም አፍሯል። «ያምጡ፣ እማማ» አለ። ከእጃቸው ተቀብሎ ጠጣ።

«ይህ ነገር ምን ሲያገኝ ነው የሚጮኸው?» አሉት።

«ብር፣ መዳብ፣ ወርቅ።»

«ብረትስ?»

«ለብረት እንዳይጮኽ ዘግቼዋለሁ።»

እማማ ዘርፌ ሳቁ። «እንግዲያ ምኑን ሊያገኙት ነው? መስቀሉን አባቴ ከአሮጌ ማረሻ ነው የሠራው። ወናፉን ያናፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሽማግሌዎቹ ብር ነው አሉኝ እኮ!»

«ቄሱ በሎሚና በአመድ ይወለውሉት ነበራ። የቀጥቃጭ ሥራ ነው የተሳለምነው ማለት ለሰው ሳይከብደው አልቀረም። እያደር ብር አደረጉት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቁኝ፣ መምህር?»

ማዞሪያውን መለሰው። ማሽኑ አበደ! ሁለት ቀን ሙሉ ሚስማር ሲለቅም ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከወይራው ጉቶ ሥር፣ ሁልጊዜ ተቀምጦ ባትሪ የሚቀይርበት ቦታ፣ አንድ ማሰሮ ወጣ። ውስጡ የዛገ የብረት መስቀል። ሦስት ዓመት ተቀምጦበት ነበር፣ እናንተዬ!

በምረቃው ዕለት አንዳንድ ሽማግሌዎች «ብረት ነው እንዴ?» ብለው ፊታቸውን አጨፈገጉ። መምህሩ ተነሣ። ሄዶ እማማ ዘርፌን ደግፎ አመጣቸው። ዓይናቸው ደክሟልና የአሁኑ ቄስ መስቀሉን ሲያቀርቡላቸው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከታች አንድ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው መዶሻው የሳተው። አባቴ አበላሸሁት ብሎ አልቅሶ ነበር» አሉ። ከዚያ ተሳለሙት። መምህሩ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር? አልነበረም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። የእናንተስ ማዞሪያ የት ላይ ነው? ማንን እንዳትሰሙ ነው የዘጋችሁት? በየጠዋቱ ቆሞ በር የሚከፍትላችሁ ጥበቃ ስሙ ማን ይባላል? አታውቁትም! አያችሁ?

«እግዚአብሔርን ስንት ዓመት ለመንኩት፣ አልመለሰልኝም» የምትሉ አላችሁ። እሱ መልሱን ደጃችሁ ላይ አስቀምጦት «ውሃ ላምጣልዎት?» እያለ ቢሆንስ? ጌታችን ራሱ ደክሞት ውሃ የለመነው አይሁድ የማይቀርቧትን ሳምራዊት ሴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ዛሬ ሰንበቴ አለን። ከመቀመጣችሁ በፊት ማን እንደሌለ እዩ። ሂዱና በሩን አንኳኩ። እርዳታ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ውሃ ለምኑና ጠጡ፣ ከዚያ እጁን ይዛችሁ አምጡት። ነገ አትበሉ። እማማ ዘርፌን ከምረቃው በኋላ በየወሩ ሰንበቴ እንጠራቸው ነበር፤ ከመምህሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ባለፈው ጳጉሜን አረፉ። ሰማንያ ዓመት ከአጥራችን ሥር ኖረው፣ ከእኛ ጋር የተቀመጡት አራት ጊዜ ብቻ ነው።