አሮጌዋ መኪናና ትልልቆቹ ጎማዎች

አንድ አሮጌ የቤት መኪና ያለው ሰው ነበር። ስሙ ደርበው ይባላል። መኪናዋ በዕድሜ እሱን ትበልጠዋለች። ቀለሟ ከመልቀቁ የተነሣ ነጭ ትሁን ቢጫ አይለይም። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች፤ ከባለቤቷም ብዙ አትጠይቅም።

የደርበው ቤት ያለው በአንድ ጠባብ መንደር መጨረሻ ላይ ነው። ከመንደሩ ወደ አስፋልት ለመውጣት አንድ መታጠፊያ አለ። በአንዱ በኩል የድንጋይ አጥር፣ በሌላው በኩል ክዳን የሌለው የውሃ ቦይ ነው። የሌላ ሰው መኪና እዚያ ሲደርስ ይቆማል። የደርበው መኪና ግን መሪዋ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ አጥሩን ሳትነካ፣ ቦዩን ሳትረግጥ፣ በአንድ ጊዜ ትዞራለች። ጎረቤቶቹ «ይቺስ መኪና አይደለችም፣ ድመት ናት» ይሉ ነበር።

ደርበው መኪናዋን የገዛው ለልጁ ሲል ነው። ሶስና አራት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ሐኪሟ ለአባትና ለእናቷ «ደረቷ መዘጋት ሲጀምር ቤት ውስጥ ይሻላታል ብላችሁ አትጠብቁ። ፈጥናችሁ አምጧት» ብላቸዋለች። ፈጥነው ይወስዷት ነበር። ስትሄድ እያቃሰተች፣ ስትመለስ ከኋላ ወንበር ቆማ እየዘፈነች ነው። ሚስቱ እታገኝ ለመኪናዋ ሌላ ስም አልነበራትም፤ «የሶስና መኪና» ነበር የምትላት።

ነገሩ የተበላሸው በሠርግ ቀን ነው። የእታገኝ ታናሽ እህት አገባች። በዚያ አገር የሠርግ አጃቢ መኪኖች የሚሰለፉት እንደ ሰው በማዕረጋቸው ነው። አዳዲሶቹ ከሙሽሮቹ ኋላ፣ ደህና ደህናዎቹ ከእነሱ ቀጥለው፣ የቀሩት ከኋላ። ሰልፉን የሚያደራጀው የእታገኝ ታላቅ ወንድም ጋሽ ወሰኔ ነበር። ነጋዴ ነው፤ መኪና እንደ ሸሚዝ ይቀይራል።

ደርበው መኪናዋን አጥቦ፣ አፍንጫዋ ላይ አበባ አስሮ መጣ። ጋሽ ወሰኔ ዙሪያዋን ዞሮ አያት።

«ደርቤ» አለው፣ «አንተ ለስላሳውን ጫን።»

«ሰው አልጭንም፣ ጋሼ?»

«ሰው ያማርርሃል። ሳጥን ግን ምንም አይልህም።»

አጠገባቸው የቆሙት ሳቁ። ደርበውም አብሮ ሳቀ። እታገኝ ልጇን ይዛ በሌላ ሰው መኪና ሄደች። እሱ የለስላሳ ሳጥን ደርድሮ ከሰልፉ ጅራት ተከተለ። በየጉድጓዱ ጠርሙሶቹ ሲንኳኩ የሚሰማው ያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን ባያት ቁጥር ሳጥን ትመስለው ጀመር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋሽ ወሰኔ የአዲስ መኪናውን ጎማዎች አውልቆ በሌሎች ለወጠ። የወለቁት ከነቸርኬያቸው መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጡ። ትልልቅ ናቸው። ቸርኬያቸው እንደ መስተዋት ያበራል። ደርበው አይቷቸው ዝም ማለት አልቻለም፤ ጠየቀ።

«ውሰዳቸው» አለው ጋሽ ወሰኔ። «ከሩቅ ላየህ እንኳ ባለ መኪና ትመስላለህ።»

ጎሚስታው ገጠማቸው። የብሎኑ ቀዳዳ ልክ ሆነ። መኪናዋ ከመሬት ከፍ አለች፤ ቆማ ላያት ሌላ መኪና ሆነች። መሪው ሲጠመዘዝ ግን ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይነክሳል። ደርበው ወደ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ የፓራፋንጎውን ከንፈር በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፈው። መሪው እስከ መጨረሻ ሲሄድ አሁንም ይነክሳል።

«ይሄ ቀላል ነው» አለ መካኒኩ። «ማገጃ ብረት እበይድልሃለሁ። መሪው እስከ መጨረሻ አይሄድም። ካልሄደ አይነክስም።»

«መዞሯስ?»

«ትዞራለች፤ ትንሽ ሰፋ አድርገህ ነው። እስከ መጨረሻ የሚጠመዝዝ ሰው ደግሞ የት አለ? የምትነዳው አስፋልት ላይ ነው ወይስ ጠርሙስ ውስጥ?»

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ደርበው መታጠፊያውን አስታወሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ጎማዎቹን አየ።

«በየደው» አለ።

መንደሩ አስፋልት ዳር ተቀበለው። ባለሱቁ «ደርቤ፣ ምን አብልተህ አሳደግሃት?» አለው። ሶስና ቸርኬው ላይ ፊቷን አየች። ሰፍቶና ተጣሞ ሲታያት በሳቅ ሞተች፤ ምላሷን አውጥታ አስገባች። እታገኝ ሁለቱን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ «መኪናዋን ቤት አታስገባትም?» አለችው።

ሊያስገባት ሞክሮ ነበር፤ መታጠፊያው እምቢ ብሎት መለሳት። ይህን አልነገራትም።

«አስፋልት ዳር ጥበቃ አለ» አላት።

«ልጅቷን ቢይዛትስ?»

«አቅፌያት እሮጣለሁ። ምን ያህል መንገድ ነው?»

መኪናዋ ከዚያ በኋላ አስፋልት ዳር አደረች። ደርበውንም አልከፋውም። እዚያ ስትቆም ሁሉም ያያታል።

ሌላ ሠርግ መጣ፤ የጋሽ ወሰኔ ልጅ ሠርግ። በዋዜማው ጋሽ ወሰኔ ራሱ ደወለ። «ነገ ሽማግሌዎቹን የምትጭነው አንተ ነህ» አለ። ደርበው ስልኩን ከዘጋ በኋላ እየደጋገመ ለእታገኝ ነገራት። እሑድ ጠዋት መኪናዋን ቤቱ በር ላይ ሊያጥባትና ሊያስጌጣት ፈለገ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት እያለ፣ በብዙ ላብ መታጠፊያውን አልፎ አስገባት። የገባ ይወጣል ብሎ አሰበ። አጠባት። ሪባን አሰረላት።

ሙሉ ልብሱን እየለበሰ ሳለ እታገኝ ከጓዳ ጠራችው።

«ጀምሯታል።»

የሶስና ትከሻ ከትንፋሿ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል። አፏን ከፍታለች። ድምፅ ግን የለም። እታገኝ አቅፋት ከኋላ ገባች። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። መታጠፊያው ላይ ደረሰች። እዚያ ቆመች።

ደርበው ወደ ኋላ መለሰ። ወደ ፊት ገፋ። አጥሩ ቀረበ። እንደገና መለሰ። የሞተሩን ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶች ወጡ። እሑድ ስለሆነ ብዙዎቹ ቤታቸው ነበሩ።

«ስበረው፣ ወደ ቀኝ ስበረው» አለ አንዱ።

«መጀመሪያ ይመልስ እንጂ። መልስ፣ መልስ፣ በቃ።»

«ኧረ ቀኙን ነው የምልህ።»

«አንተ ደግሞ ብስክሌት እንኳ ነድተህ አታውቅም፤ ዝም በል።»

ሁሉም እጁን እያወዛወዘ ያሳየዋል። እታገኝ ከኋላ «ደርበው፣ ተዋትና እንውረድ» አለች።

«አንድ ጊዜ» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ይህቺ መኪና እዚህ ቦታ ላይ እምቢ ብላው አታውቅም። እጁ ያንን ያስታውሳል። መሪውን ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመዘዘ። ማገጃው ያዘ። ጥሩ ብየዳ ነበር።

«እንውረድ እያልኩህ ነው» አለች እታገኝ።

«ትወጣለች።»

ሰፋ አድርጎ ለመዞር ወደ ቦዩ ተጠጋ። የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ በሆዷ ተቀመጠች። ያኔ በሩን ከፍቶ ልጁን ከእናቷ እጅ ተቀብሎ ሮጠ፤ እታገኝም ተከተለችው።

አስፋልት ላይ ሲደርስ መኪኖች እየመጡ ነበር። እጁን አንሥቶ አወዛወዘ። የመጀመሪያዎቹ ሠርገኞች ነበሩ፤ የጋሽ ወሰኔ አይደሉም፣ የሌላ ሰው ናቸው። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ልጅ አቅፎ እጁን ሲያወዛውዝ አዩ። ጥሩምባቸውን እየነፉ እነሱም በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙለት። አለፉ። ከኋላቸው አሸዋ የጫነ መኪና መጣ። ሾፌሩ የልጅቷን ፊት አይቶ ቆመ። ጫናቸውና ምንም ሳይጠይቅ ነዳ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ የኦክስጅኑን ጭንብል ሶስና ፊት ላይ አደረገች። «መቼ ነው የጀመራት?» ብላ ጠየቀች። ከቆይታ በኋላ ጭንብሉን አነሣችው።

ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሰዎች የለቅሶ ድንኳን ሊተክሉ መጡ። መኪናዋ መንገዱን ዘግታለች፤ ምሰሶው አላልፍ አለ። ወንዶቹ ጃኬታቸውን አወለቁ። ግማሾቹ ከፊት፣ ግማሾቹ ከኋላ ያዙ። «በሉ፣ አንድ ላይ» አለ አንዱ። አነሥተው ከቦዩ አወጧት፤ እንደያዟት አዞሯት፤ አቅንተው አስቀመጧት። ጊዜ አልወሰደባቸውም። ጠዋት በእጃቸው አቅጣጫ ሲያሳዩ የነበሩት ናቸው። ደርበው ቆሞ አየ።

ጋሽ ወሰኔ የሠርጉን መልስ ለሌሎች ትቶ በማግሥቱ መጣ። ከልቡ አለቀሰ። የደርበውን ትከሻ ይዞ «ምን ይደረጋል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለው።

«ብየዳው የእኔ ፈቃድ ነው» አለ ደርበው።

«የምን ብየዳ?» አለ ጋሽ ወሰኔ ወደ እታገኝ ዞሮ። እታገኝ አቀርቅራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንድ ወጣት ደርበው አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ከሌላ ሰፈር ለለቅሶ የመጣ ነው። እግዚአብሔር ያጽናህ አለው። ዓይኑ ውጭ ወደቆመችው መኪና ደጋግሞ ይሄዳል።

«ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ «ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጎማዎቹን የምትተዋቸው ከሆነ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ ብዬ ነው።»

«መኪናህ ምን ዓይነት ናት?»

«የአንተኑ ዓይነት ናት። እንዲያውም የአንተዋ ታላቅ እህት።»

«አይሆኑህም።»

«ቀዳዳው ልክ ነው። ስገባ አይቻለሁ።»

«መግጠሙንማ ይገጥማል። አትዞርልህም ነው የምልህ።»

«ማገጃ ሲበየድ ይስተካከላል አሉኝ።»

ደርበው ዞር ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው።

«ልጅ አለህ?»

«አንድ ወንድ አለኝ። ተመስገን፣ ደህና ነው።»

ደርበው ነገረው። የለስላሳ ሳጥኑን፣ የጋራዡን ሳቅ፣ መታጠፊያውን፣ እታገኝ «እንውረድ» ስትለው «ትወጣለች» ያለውን፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ከሞቷ ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነው። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ዓይኑም እንባ አቀረረ። ሲያበቃ ከንፈሩን መጠጠ።

«የእኛ ሰፈር እንኳ መንገዱ ሰፊ ነው» አለ።

«አልሸጥም» አለ ደርበው።

ወጣቱ ተነሥቶ ወጣ። ውጭ ጓደኛው ይጠብቀው ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋጋ ሊያስጨምር ፈልጎ ነው። ከአርባው በኋላ እመለሳለሁ» አለው። የድንኳን ሸራ ድምፅ አያግድም። ደርበው ሰማው፤ እታገኝም ሰማችው።

ይህን ታሪክ የምታነብ ሆይ፣ ደርበውን ክፉ ሰው ነው እንዳትል። ልጁን ይወድ ነበር። ከፍ ብሎ መታየት ፈለገ፤ የተጠየቀውም ትንሽ ነገር መሰለው። መሪው ላይ አንዲት ጉማጅ ብረት ብቻ። እኛም እንደዚያው ነን። ሰው ፊት ላለማነስ ስንል ቤታችን የምንደርስበትን ሰዓት እንሰጣለን። «ተሳስቻለሁ» ብለን የምንመለስበትን ቦታ እናጠባለን። የሚወዱን ሰዎች «ተወው» ሲሉን የምንሰማበትን ጆሮ እናስዘጋለን። በደህናው ቀን ከዚህ አንዱም አያስፈልግም፤ ስለዚህ የጎደለብን አይመስለንም። ክፉው ቀን ጠባብ ቦታ ላይ ይጠብቀናል። እዚያ ስንደርስ ከሩቅ ያደነቁን ሰዎች የሉም። ቢኖሩም እጃቸውን አወዛውዘው ያልፋሉ።

ከሁሉም የሚመረው ግን ይህ ነው። የወደቀው ሰው ተነሥቶ ሲነግረን እናለቅስለታለን፤ አናምነውም። የከፈለበትን እውነት የገበያ ብልሃት አድርገን እንቆጥርበታለን። የእኔ መንገድ ሰፊ ነው ብለን እንሄዳለን።

ለመሆኑ የአንተን መንገድ ስፋት የለካው ማን ነው?