የጤና ጣቢያው መስኮት

አንዲት ሴት ነበረች። በወንዝ ዳር ትንሽ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ የምትኖር፣ እጇ ለሰው የተዘረጋ፣ ከጸሎት የማትቀር ሴት። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለች ደህና ሰው ማለቴ ነው።

ያቺ ከተማ መብራቷ የራሷ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ወንዙ ላይ ትንሽ ተርባይን ተክሏል፤ የገበያ አዳራሹን ጣሪያ ደግሞ በፀሐይ ሰሌዳ ሸፍኗል። ማምሻውን ጉም ከወንዙ ሲነሣ፣ አምፖሎቹ ዳገቱን ተከትለው ቀስ እያሉ ሲበሩ፣ ከተማዋ አየር ላይ የቆመች ትመስላለች። ውሃና ፀሐይ ሳሎናችሁ ድረስ መጥተው ሲያበሩላችሁ አስቡት! ሕልም አይደለም ወይ?

በበጋ ግን ውሃው ይቀንስና መብራቱ ይጠፋል። ሲጠፋ ሴትዮዋ ምን ታደርጋለች? ምንም! ምድጃው እንደተከፈተ፣ ካውያው እንደተሰካ፣ የሳሎኑም የበረንዳውም ማብሪያ ሳይነካ ትተወዋለች። «ኧረ አጥፊው» ሲሏት፣ «ታዲያ ሲመጣ በምን አውቃለሁ?» ትላለች።

ሳቃችሁ አይደል? እናንተስ ዛሬ ስትወጡ አጥፍታችሁ ነው የመጣችሁት?

ከተማው ሁሉ እንደ እሷ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በድምፅ ማጉያ እየዞረ «መብራት ሲጠፋ ሁሉንም አጥፉ፣ ኃይል ቆጥቡ» ቢል፣ «የሌለውን ምኑን እንቆጥባለን?» ብለው ተሳሳቁበት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሴትዮዋ ወጥ ጥዳ ሳለ መብራት ጠፋ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ልጇ ታንጉት ጤና ጣቢያ ናት፤ ያለ ቀኗ ወልዳለች። ሴትዮዋ ሁሉን እንደነበረ ትታ ቁልቁል ሮጠች።

ስትደርስ ሕፃኗ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋለች፤ እፍኝ አትሞላም። የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነበር፤ ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ቆሟል። ነርሷ ሲሊንደር አምጥታ ቀጥላላታለች፤ እሱም እያለቀ ነው።

ድንገት መብራት መጣ። «መጣ!» አለ ከተማው በአንድ ድምፅ። ማሽኑ መሥራት ጀመረ፤ ወዲያው ድርግም አለ። ደግሞ መጣ። ደግሞ ጠፋ።

«እማዬ፣ ልጄ!» አለች ታንጉት።

ሴትዮዋ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ወዳለው የመብራት ማከፋፈያ ቤት ሮጠች። ዘርጋው የሚባለው ሠራተኛ ላብ በላብ ሆኖ ይታገላል።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ጨከንክብን?»

«እማማ፣ ምን ላድርግ! ለጤና ጣቢያው የሚበቃ ኃይል አለኝ። ግን መስመሩ አንድ ነው። በለቀቅኩ ቁጥር የከተማው ምድጃ ሁሉ አንድ ላይ ይረባረብበትና ይጥለዋል።»

«የማን ምድጃ?»

«መብራት ጠፍቶም ሳይዘጋ የተተወው ነዋ!»

 ወጧ የተጣደበት ምድጃ ዓይኗ ላይ መጣ። ወገኖቼ፣ የልጅ ልጇን ትንፋሽ ማን ነበር የያዘው?

ቀሚሷን ሰብስባ ዳገቱን ወጣች። ምድጃውን ዘጋች፣ ካውያውን ነቀለች፣ በዳበሳ ግድግዳውን እየነካካች አምፖሎቹን ሁሉ አጠፋች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ተጣራች።

«እትዬ ብዙነሽ! የልጅ ልጄ ልትሞትብኝ ነው! ምድጃሽን፣ አምፖልሽን፣ ሁሉንም አጥፊልኝ!»

«ውይ በሞትኩት! አጠፋሁ፣ አጠፋሁ!» አለች ጎረቤቷ፤ ዞራም ወደሚቀጥለው ግቢ ጮኸች። ቃሉ ከአጥር አጥር፣ ከመንደር መንደር እየተቀባበለ ዳገቱን ዞረ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ጉሙ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰው ሁሉ ደጁ ወጥቶ ቆመ። መብራቱ መጥቶ ይሆን? ማን ያውቃል? ሁሉም አጥፍቷል!

ወዲያው ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ መስኮት በራ። የጤና ጣቢያው መስኮት። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። አሁን ይጠፋ ይሆን? አልጠፋም። አሁንስ? አልጠፋም።

ያን ጊዜ «መጣ!» ብሎ የጮኸ የለም። ገብቶ የራሱን ያበራም የለም። ያቺን ቢጫ መስኮት እያዩ፣ ጨለማው ውስጥ አብረው ቆሙ። ሴትዮዋ በሯ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኋላ ዘርጋው ደውሎ «እማማ፣ ትተነፍሳለች» አላት።

ወገኖቼ፣ እኛስ? «ጌታ ሆይ ብርሃን ላክልን» እያልን እናለቅሳለን። እሱ ወንዙን ያወርዳል፣ ፀሐዩን ያወጣል፣ ምን አጓደለብን? የላከውን ግን ለማንም የማይበራ የበረንዳ አምፖል፣ ማንም የሌለበት ክፍል ይበላዋል። «የእኔ አንዲት አምፖል ምን ታመጣለች?» አትበሉኝ። በዚያች ከተማም ሁሉም ያለው ይህንኑ ነበር።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የማያስፈልገውን አጥፉ። በምድጃው ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ልባችሁ ግቡ፣ እዚያም ሳይዘጋ የተተወ ብዙ አለ። «ታዲያ ብርሃን ሲመጣ በምን እናውቃለን?» ካላችሁኝ፣ ደጅ ውጡና የጎረቤታችሁን መስኮት እዩ።