ከጎማው ሥር የተነሳችው ድንጋይ

አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ነበረ። ስለ ጎረቤታችን በሬ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ፣ ልጄ፤ መልሱን ታገኛለህ። መጀመሪያ ይህን ስማ።

ሰውዬው ጋራዡን የከፈተው ከአንዲት ከተማ መውጫ፣ ዳገት ላይ ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መኪኖች ተራ የሚጠብቁት ከበር ውጭ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆመው ነበር። እጁ የሠለጠነ ነው። አንድ ጊዜ የኢንሹራንስ ሠራተኛ መጥቶ «በእጅህ ላለ የሰው መኪና ዋስትና ግባ» ቢለው፣ «እኔ ጋ የመጣ መኪና ተሽሎት እንጂ ብሶበት ወጥቶ አያውቅም» ብሎ ስቆ ሸኘው።

አንድ ጠዋት አንድ ሾፌር አሮጌ ፒካፕ ይዞ መጣ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመስኖ ማሳ ወደ ገበያ እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው፤ ከዚያች ፒካፕ ሌላ ሀብት አልነበረውም። የእጅ ፍሬኗ አልይዝ ብሎታል። ስለዚህ በቆመ ቁጥር ጎማው ሥር ታኮ የሚያደርጋትን ድንጋይ ከወንበሩ ኋላ ይዞ ነበር የሚዞረው። ከወንዝ ያመጣት፣ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ የሆነ ጥሩ ድንጋይ ናት። ሌላ ሾፌር እንዳይወስድበት ጠፍጣፋ ጎኗን ቀይ ቀለም ቀብቷታል።

ፒካፗን አቆመ። ድንጋይዋን ከፊት ጎማው ሥር አስገብቶ በእግሩ መትቶ አጠበቃት። ቁልፉን ለባለጋራዡ ሰጠው።

«ያቆመቻት ይቺ ድንጋይ ናት፤ አደራ እንዳትነሳ» አለው።

«ሂድ ባክህ! ለኔ ደግሞ ስለ መኪና ታስተምረኛለህ?» አለ ባለጋራዡ። ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሀብታም ነጋዴ በትልቅ መኪና መጣ። ከሥሯ ዘይት ይንጠባጠባል። ነጋዴው ቸኩሏል። «አሁኑኑ ካላየህልኝ ሌላ ጋ ይዣት እሄዳለሁ» አለ።

ባለጋራዡ የነጋዴውን መኪና በክሪክ አነሳት። ከሥሯ ከመግባቱ በፊት ግን ክሪኩ ቢከዳው የሚይዛት ነገር ያስፈልገዋል። አንድ ጉማጅ እንጨት አገኘ፤ ከፍታው አልበቃም። ዙሪያውን ሲያይ በሩ ላይ ያለችው ድንጋይ ታየችው። ጠፍጣፋ ናት፤ እንጨቱ ላይ ብትደረብ ልክ ትመጣለች። «ፒካፗ ማርሽ ውስጥ ናት፤ ለትንሽ ጊዜ ትቆማለች» አለ በልቡ። ድንጋይዋን በመዶሻ መትቶ አወጣት። ቀለሙን ወደ ታች አድርጎ እንጨቱ ላይ አስቀመጣትና ከመኪናው ሥር ገባ።

በጀርባው ተኝቶ ሳለ ጎማ ጠጠር ሲፈጭ ሰማ። ቀጥሎ የሰው ጩኸት፤ ቀጥሎ የሚጨፈለቅ ቆርቆሮ። እየተሳበ ሲወጣ ፒካፗ ቁልቁለቱን ወርዳ መንገድ ዳር ያለ ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተክላለች። ማንንም አልነካችም። ራዲያተሯ ግን ተበስቶ ውሃው ይፈሳል፤ ሻንሲዋም ተጣሟል።

ድንጋይዋን ሲያነሳ ያየው ሰው አልነበረም።

ሾፌሩ ተጠርቶ መጣ። ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ፒካፗን አያት። ባለጋራዡ ቀደመው።

«ምነው ወንድሜ! ፍሬን የሌላትን መኪና ያለ ታኮ ታቆማለህ?»

«አድርጌላት ነበር እኮ።»

«የታለች ታዲያ? ብታደርግማ እዚያው ትገኝ ነበር።»

ሾፌሩ ጎማው የነበረበት ቦታ ሄዶ አየ። ድንጋይ የለም። ወደ ቦዩ ወርዶ ከወንበሩ ኋላ ፈለገ። እዚያም የለም። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አደራ ያልኩትም በልማድ ይሆን? ገበያው ላይ ረስቻት መጥቼ ይሆን?» አለ፤ የሚናገረው ለራሱ ነበር።

ባለጋራዡ ይህን ሰማ። ሾፌሩ ኢንሹራንስ አለው፤ ይከፍሉለታል፤ ማንም አይጎዳም እያለ ልቡን አባበለ። የነጋዴው መኪና መለዋወጫ እስኪመጣላት ድረስ ድንጋይዋ ላይ እንደተሰቀለች ቆየች። ባለጋራዡ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር።

በማግስቱ ሾፌሩ ከተዋዋለው ኢንሹራንስ አንድ ሰው መጣ። ፒካፗን ዞሮ አያት፤ ፎቶ አነሳት። ነጋዴውም መኪናውን ሊያጣድፍ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። የኢንሹራንሱ ሰው ሾፌሩን ጠራው።

«የእጅ ፍሬኗ እንደማይዝ ታውቅ ነበር?»

«ለሱ ነው ያመጣኋት ጌታዬ።»

«ታኮ አድርገህላት ነበር?»

ሾፌሩ ባለጋራዡን አየው። ባለጋራዡ መሬት መሬቱን አየ።

«ያደረግሁ መስሎኝ ነበር» አለ ሾፌሩ።

«እንግዲያው ስማኝ» አለው ሰውዬው። «ደህና አድርገህ አቁመህ ካስረከብካት፣ የሚጠየቀው የተረከባት ነው። ብልሽቷን እያወቅህ ሳትደግፋት ትተሃት ከሄድህ ግን በውልህ መሠረት ምንም አናደርግልህም። ከአፍህ የሰማሁት የኋለኛውን ነው። እንደዚሁ ልጻፈው?»

ባለጋራዡ ይከፍሉለታል ያለው ነገር ውሸት ሆነ። ከአሁን በኋላ ጉዳቱ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ ሰው ላይ ነው። ሾፌሩ ወደ እሱ ሲዞር ሊሰድበኝ ነው ብሎ ጠበቀ። ሾፌሩ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

«ወንድሜ» አለው፣ «በኔ ዝንጉነት የጋራዥህን ስም በክፉ አስነሳሁብህ። ይቅር በለኝ።»

ስድቡን ይችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለም።

ዘወር ብሎ ወደ ነጋዴው መኪና ሄደ። ክሪኩን አስተካክሎ ከፍ ያደርጋት ጀመር።

«ምን ልታደርግ ነው? ገና አላለቀችም እኮ!» አለ ነጋዴው።

ባለጋራዡ ክሪኩን ከፍ ማድረጉን ቀጠለ።

«አንተ ሰውዬ! መኪናዬን ልትጥላት ነው እንዴ?»

መኪናዋ ከፍ ስትል እጁን ሰደደና ድንጋይዋን አወጣት። በደረቱ አቅፎ፣ ሁሉም እያዩት፣ ወደ በሩ ተራመደ። የፒካፗ ጎማ በነበረበት ቦታ ቀለሙን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጣት። ከኪሱም ቁልፉን አወጣና ድንጋይዋ ላይ አኖረው።

«ሁለቱንም ተረክቤያለሁ» አለ። «ድንጋይዋን ያነሳኋት እኔ ነኝ። እሱ አልረሳም። እንደዚህ ብለህ ጻፍ።»

ሾፌሩ ቁጢጥ ብሎ ቀለሙን በጣቱ ዳሰሰ። «አልረሳሁማ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ ባለጋራዡን አየው። «ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስረግም አድሬያለሁ እኮ፣ አንተ ሰው!»

ነጋዴው መኪናውን አስጎትቶ ሌላ ጋ ወሰደ። ባለጋራዡ ኮምፕሬሰሩንና የብየዳ ማሽኑን ሸጦ ፒካፗን አደሳት። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀንቶት እንደሆነ አልሰማሁም። የማላውቀውን አልነግርህም።

እንግዲህ ልጄ፣ «በሬው በራሱ ጊዜ ገደል ገባ፤ እኔን ምን ያስጠይቀኛል?» ብለኸኛል። ጎረቤታችን በሬውን ከኛው ጋር አቀናጅተህ እንድታርስ ሲሰጥህ፣ በሬና ገመድ አስረክቦሃል፤ ሾፌሩ ፒካፕና ድንጋይ እንዳስረከበ ማለት ነው። «የናንተ ግጦሽ ገደል አፍ ላይ ነው፤ ሳታስር አትልቀቅብኝ» ሲልህ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንተ ግን «ገመድህ በስብሶ ተበጠሰ» አልኸው። የከብት እድሩ ይተካለታል፣ ማንም አይጎዳም ብለህ ነው፤ ባለጋራዡም ያሰበው ይህንኑ ነበር። እሑድ የእድሩ ዳኞች ሲሰበሰቡ ግን ከበሰበሰ ገመድ ጋር በሬ ለሰጠ ሰው አንተካም ይሉታል። እሱም ያምናቸዋል፤ አንተን አምኗልና። ዛሬ ጠዋት እዚህ ደጃፍ ቆሞ፣ «በኔ ገመድ የተነሳ ልጅህን አስደነገጥኩት፤ ይቅር በሉኝ» አለኝ። ምን ብዬ እንድመልስለት ፈልገህ ነበር?

ገመዱ አልተበጠሰም። ከቤቱ ጀርባ የቆለልከውን ጭድ ያሰርክበት እሱ ነው፤ አይቼዋለሁ። ሂድና ፍታው። ጭዱ ይበተን፤ ነፋስ ይውሰደው። እሑድን አትጠብቅ፤ አሁን ሂድ። እኔ የኛን በሬ ነድቼ ከኋላህ እከተላለሁ፤ በሬውን አብረን እንተካለታለን።

ገመዱን ግን አንተ ያዝ።