የአንጓች ድንጋይ

በዋንዛ አፋፍ ቁልቁለት ላይ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ አንድ ጎኑ ቀላ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በዚያ አገር ሴት ልጅ ኮሶ ከመጠጣቷ በፊት እዚያ ትቀመጣለች፤ እናቷ ግን ከዓይን እስክትሰወር ድረስ እንድትሄድ ይደረጋል። እንግዳ ሲያየው ነውር ይመስለዋል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ከወይዘሮ ትጓደድ ነው። ወይዘሮ ትጓደድ ጥላቸውንም የማያምኑ ሴት ነበሩና ቀጂው ሳይቀምስላቸው ጠላ ከንፈራቸውን አያስነኩም ነበር ይባላል። አንዲት ልጃቸው አንጓች በተዳረች በመንፈቋ ልትጠይቃቸው መጥታ ሆዷን ሲቆርጣት፣ «የኮሶ ትል ነው» ብለው ፈረዱ፤ በዚያው ሰሞን አያ ደምለው የሚባል ባለመድኃኒት የተወቀጠ ኮሶ ይዞ ይዞር ነበርና አስጠሩት።

«መጀመሪያ አንተው ጠጣ!» አሉት።

ሰውየው ዋንጫውን ጨለጠው። ወይዘሮ ትጓደድ ፊቱን ሲሰልሉ ዋሉ፤ ምንም አልሆነም። በማግሥቱ ጠዋት በባዶ ሆዷ ለልጃቸው ያንኑ ያህል አስለኩላት። አንጓች ዋንጫውን ይዛ ጥቂት ቆየች፤ እናቷ ሲያፈጡባት ጠጣችው።

ከቀትር በኋላ ደም ፈሰሳት። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ኮሶ ደግሞ ያስወርዳል፤ ጽንስ ሳይጠና አይወራምና፣ እናቷንም ታፍር ነበርና ከባሏ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወይዘሮ ትጓደድ ደምለውን አንገቱን አንቀው «መርዘኛ!» ሲሉት፣ እሱ «እኔም ጠጥቻለሁ እኮ!» ይላል። መፀነሷን ባያውቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም፤ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል።

ያን ጊዜ አንጓች ከመደቡ ላይ ሆና፣ «ተይው እናቴ፤ እሱ መች ያረግዛል? እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለች ይባላል። ነፍሷ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም፤ ከዚያም ወዲያ አልወለደችም። እስክታረጅ ድረስ ኮሶ ሊጠጡ የሚመጡትን ሴቶች እዚያ ድንጋይ ላይ እያስቀመጠች ትጠይቃቸው ነበር።

ዛሬም ባለመድኃኒት ቢቀምስ ባይቀምስ የሚያየው የለም። ከሌላ ቤት የመጣች አሮጊት ዋንጫውን ይዛ ከልጅቱ ጎን ትቀመጥና በጆሮዋ ትጠይቃታለች። «የለም» ካለች ትጠጣለች። ዝም ካለች ግን አሮጊቷ ኮሶውን ድንጋዩ ላይ ትደፋዋለች፤ ለምን እንደሆነ ለእናትየው አይነገርም። ድንጋዩን ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ ያጥበዋል፤ ቅላቱ ግን እስካሁን አልለቀቀም።