ምች ነው የተባለው ልብ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ላብ የማያውቅ። አጨዳ ላይ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ የሱ ግንባር ደረቅ ነው። መዳፉና የውስጥ እግሩ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እሳት እንደ ነካው ይለበልበዋል። የእናቱ አባትም እንዲሁ ነበሩ፤ አውድማ ላይ ወድቀው ቀሩ። ታላቅ ወንድሙ በአርባ ዓመቱ ከእርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ። ቤተሰቡ «ምች መታው» አለ፤ ዳማከሴ ታሸ፤ ለቅሶ ተደረሰ፤ አበቃ። ምች አንድ ቤት እየመረጠ የሚመታው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እንዴት ይጠየቃል? የሚዳሩ ሴቶች ልጆች አሉ! በዚያ አገር ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዘር በሽታን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ የሚተርቱትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

አንድ ቀን መለብለቡ ሲብስበት ገበሬው ከተማ ወርዶ ሐኪም ቤት ገባ። ሐኪሟ የእጁን ነገር ሰምታ ስታበቃ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ የልቡን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣ ኢሲጂ አነሣችው።

«ልቤን እኮ አላመመኝም» አላት።

ወረቀቱን አየች፤ ሌላም ምርመራ ጨመረች፤ በመጨረሻ ነገረችው። ሰውነቱ ማስወገድ የነበረበት ስብ እየተጠራቀመ ልቡን አደንድኖታል፤ ላብ ማጣቱም መለብለቡም ከዚሁ ነው። ከእናቱ የወረሰው ነው፤ ለሴት ልጁም አውርሷታል። «ሳትወድቅ ይዘሃት ና» አለችው።

ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ገባ። እናቱ ሲሰሙ ደነገጡ። «እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። ልጅቱን ቆማ ልታስቀራት ነው? ገመናችንን ሸፍን!» አሉት። ሦስት ቀን እህል ከአፉ አልገባም። ልጁን መዳር ይፈልጋል፤ ልጁን መቅበር ግን አይፈልግም።

እሑድ ሽማግሎቹ መጡ። «በዘራችሁ የሚወረስ ደዌ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እንደ ወጉ መልሱ «የለም» ነው። ገበሬው ብድግ ብሎ ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋው።

«አለ! ወንድሜን የገደለው ምች አይደለም፤ ይኸው ነው። እኔንም ይዞኛል። ልጄ ሐኪም ሳያያት አትዳርም። ይህ ካሳፈራችሁ በሩ ያውና፤ እኔ ግን ከእንግዲህ አላፍርም!»

ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ጋብቻው ፈረሰ። እናቱ አኮረፉት፤ ልጅቱ አለቀሰች። በማግስቱ ግን እያለቀሰችም ቢሆን አብራው ሄደች፤ ኢሲጂው ላይም ጅምሩ ታየ። ገና ጅምር ስለ ነበረ ሐኪሟ በጊዜ ክትትል ጀመረችላት። አባትየው ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ። እሷ ግን አጎቷ የሞተበትን ዕድሜ አልፋ ዛሬም አለች።

እንግዲህ አንተ ጀማሪ ሐኪም ልጄ፣ «ልቡን ያላመመውን ሰው ልቡን ለምን እንመረምራለን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ነጭ ጋውን ለበስክ እንጂ አንተም የዚያ ቤት ሰው ነህ። እነሱ ለጋብቻ ብለው ዝም አሉ፤ አንተ ወረፋው በዛ ብለህ ዝም ትላለህ። እንዲህ ያለው የዘር ሕመም ሰውየው ልቤን ሳይል በፊት ወረቀቱ ላይ ሊታይ ይችላል። የሚያየው ሰው ካገኘ ነው ታዲያ! ዛሬ ጠዋት መዳፏን የሚለበልባትን ሴት ማስታገሻ ሰጥተህ ሸኘሃት። ወንድሟ በድንገት እንደ ሞተ ስትነግርህ እኔም አጠገብህ ሆኜ ሰምቻለሁ። በል ተነሥ፤ አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ መናኸሪያ ድረስባት።