አያ ቢሻው የጨበጠው አፈር

አያ ቢሻው የሞተችውን የበርበሬ ችግኝ ነቀለ። ሥሯን አሸተተ፤ አፈሯን በምላሱ ቀመሰ። «ምን ጎደለሽ?» አላት።

ጊዜው ያኔ ነው፣ የጉርባ ወንዝ ዳር ሾላ ገና በአንድ ክንድ ይታቀፍ በነበረ ጊዜ። ድርቅ የአገሩን በርበሬ ጨርሶ፣ ዘር የተረፈው ባሏ በሞተባት በእትዬ ዘርትሁን ቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ቢሻው የሰው ማሳ እየቆፈረ የሚያድር ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ዘሩን ባንዴ እንዝራው ሲል፣ እሱ ትንሽ ትንሽ እንሞክር አለ። ስለዚህ ለእሱ ቆንጥራ ሰጠችው።

መጀመሪያ በጥቁሩ ዋልካ ላይ ዘራ። ጤፍ የሚያበቅል አፈር ነውና ማንም አልጠረጠረም። ዋልካው ግን ውሃውን አልለቅ አለ፤ ችግኙ አንገቱ በስብሶ ተጋደመ። የነቀላትም ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ከበረት ትኩስ ፍግ አመጣ። ለበቆሎ የበጀ ለበርበሬ ምን ይከፋል ብለው መከሩት። ፍጉ ገና ይግል ነበርና ለጋው ሥር ተቃጠለ። ነቀለ፤ አሸተተ፤ ቀመሰ። «ምን በዛብሽ?» አላት።

«ቢሻው ምሳውን እችግኝ መደቡ ላይ ጀመረ እንዴ?» አለ ጎረቤቱ ደጉ።

«ጨው አንሶታል» አለ ቢሻው።

ከዚያ በወንዝ አሸዋ ዘራ። ሥሩ አልበሰበሰም፤ አልተቃጠለምም። ግን ችግኙ ቢጫ ሆነ፤ እንደ ክር ቀጠነ፤ ደረቀ።

እትዬ ዘርትሁን ቅሏን ነቀነቀች። ትንሽ ብቻ ተንኮሻኮሸ። «ይችን አልሰጥህም። ይችም ካለቀች ልጆቼ በርበሬን በስሙ ብቻ ነው የሚያውቁት።»

ቢሻው ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዝ ወረደ። ሾላው ሥር ወፍ ከዘራው ለቅማ የጣለቻት አንዲት የበርበሬ ችግኝ ቆማለች፤ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ። ይችን አልነቀላትም። ካጠገቧ አፈር ዘግኖ ጨበጠ፤ ተያያዘ። በጣቱ ነካው፤ ፈረሰ። ደግሞ ጨበጠ፤ ደግሞ ነካ፤ ፈረሰ። በትኖ አየው። ዋልካውም አለበት፤ ጎርፍ የተወው አሸዋም አለበት። ከብቶች ጥላ ሲፈልጉ የጣሉት እበትም አለበት፣ ግን ከቅጠሉ ጋር በስብሶ፣ ቀዝቅዞ። ችግኙን የገደሉበት ሁሉ እዚያው አብረው ተቀምጠዋል።

እቤቱ ሄዶ ሦስቱን ደባለቀ። ጨበጠ፤ ሲነካው አልፈርስ አለ፤ አሸዋ ጨመረ። ጨበጠ፤ አልያያዝ አለ፤ የከረመ ፍግ ጨመረ። ሲሆንለት ጭብጡን እንደያዘ እትዬ ዘርትሁን ደጅ ቆመ።

«ንኪው» አላት።

ነካችው። ፈረሰ። ቅሏን ሰጠችው። በዚያ ዓመት የጉርባ ሰው በርበሬውን የተከለው ቢሻው በዚያ አፈር ካፈላት መደብ ነው።

ዛሬም በጉርባ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ብቻውን አይዘራም። አፈሩን ጨብጦ ጎረቤት ደጅ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ነክቶ ሲፈርስ ነው ዘር የሚወርደው። ይህ ልማድ የጸናው ቢሻው አርጅቶ አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ ነው። እትዬ ዘርትሁን የዓመቱን አፈር ጨብጣ መጣች። እጁ ከብዶት ማንሳት ቢያቅተው፣ ጭብጧን ወደ ጣቱ አስጠጋችለት።

«ንካው እንጂ፣ አያ ቢሻው። ዘሩን ይዤ ነው የመጣሁት።»