እህ ባይዋ ጃምና

ተረት መጣች፤ ቦታ ልቀቁላት፣ ትቀመጥ።

በሕንድ አገር፣ ውሃው በበጋ በሚደርቅ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጃምና የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ሰሊጥ እየጨመቀ ዘይት ይሸጣል። ቤታቸውም፣ ልብሳቸውም፣ የጃምና ጸጉር ሳይቀር ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ጃምና ከዓለም ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እህ» ማለት።

እህ ማለትማ ምን ይከብዳል እንዳትሉኝ። እዚያ ይከብዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ የሰፈሩ ልጆች ፑሽፓ ማሲ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ማሲ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ፑሽፓ ማሲ ደግሞ የልጆቹ ሁሉ አክስት ነበሩ። ልጆቹ መዳፋቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጥንቱ ቋንቋ የሚባለውን ጸሎት እየተቀበሏቸው ይደግማሉ። ከዚያ ግብረ ገብ የሚያስተምር ተረት ይከተላል፤ ጣፋጭ ይታደላል፤ ሁለተኛ ተረት ይቀጥላል። ተረቱ ታዲያ ብቻውን አይሄድም። ማሲ አንድ ነገር ተናግረው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ከፊታቸው ቀዩ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ልጅ «እህ» ማለት አለበት። እህ ባይ የሌለው ተረት መሬት ወድቆ ይቀራል ይባላል፤ እህ ካልተባለ ማሲም አንዲት ቃል አይጨምሩም።

ቀዩ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጠው የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ቺማን ነው። ቺማን ሥራው መተኛት ነው። ማሲ ጥጃዋን ማን ሰረቃት ብለው ሲጠይቁ ብንን ብሎ «እህ» ይላል። ባልቴቷ ስትሞትም «እህ»፣ ንጉሡ ሲያስነጥስም ያችው «እህ»። ጃምና ደግሞ ከሁሉ ኋላ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ተቀምጣ፣ በየቦታው የሚገባውን «እህ» በሆዷ ትላለች። ጸሎቱንም አንድ ቃል ሳታዛንፍ ታውቀዋለች።

አንድ ምሽት ማሲ ስለ አንድ አምላክ ተረኩ። አምላኩ ለማኝ መስሎ የሀብታሙንም የድሃውንም ደጅ ሳይለይ ሲያንኳኳ ዋለ አሉ። እናንተም ልጆቼ ሰውን በቤቱ አትለዩ ብለው ተረቱን ዘጉት። ጃምና ይህን ሰምታ ልቧ ሞላ። ጣፋጩ ሲታደል ተጠግታ፣ ለሁለተኛው ተረት እኔ እህ ልበል ብላ ለመነቻቸው።

«እህ ባይነት የደህና ቤት ልጅ ወግ ነው» አሏት ማሲ። «አንቺ የዘይት ጨማቂ ልጅ ነሽ። ከኋላ ሆነሽ አዳምጪ።»

ይህን ያሉት ያንን ተረት በተረኩበት አፍ ነው። ገና ምራቃቸው እንኳ አልደረቀም። ጃምና ደሟ ፈላ። ጣፋጩን ሳትቀበል፣ በረንዳው ጫፍ ወደሚነደው የነሐስ መብራት ሄደች።

ማሲ ቦታ አልሰጥ ብለውኛልና አጭስባቸው አለችው። በሆድህ ያለው የአባቴ ዘይት ነው፤ የአባቴ ዘይት አምላክ ፊት መቆም ካላሳፈረው የእኔ አፍ ምን በደለ? መብራቱ ዘና ብሎ እየነደደ፣ ማሲ ስለ ትዕግሥት ያስተማሩትን ረሳሽው ወይ አላት፤ ሠላሳ ዓመት የታገሠው ንጉሥ እንዴት እንደተመሰገነ አስታወሳት። ጃምና ያንን ተረት በደንብ ታውቀዋለች። ንጉሡ የታገሠው ሆዱ ሞልቶ፣ ትራስ ተደግፎ ነው።

መብራት ማሲ ላይ አላጨስ አለ፤ ማሲ ለጃምና ቦታ አልሰጥ አሉ። ታዲያ ጃምና እህ የምትለው መቼ ነው?

ወደ ነፋሱ ሄደች። መብራቱን አጥፋው አለችው። ነፋሱ ጸጉሯን በተን አደረገና፣ ማንንም አትጉዳ የሚለውን ትምህርት በበረንዳው ሲያልፍ እንደሰማው፣ ከዚያ ወዲህም ሻማ እንኳ አጥፍቶ እንደማያውቅ ነገራት። ባለፈው ክረምት የስንቱን ድሃ ጣራ ይዞ እንደሄደ ግን አላነሳም።

ነፋስ መብራቱን አላጠፋ አለ፤ መብራት ማሲ ላይ አላጨስ አለ፤ ማሲ ለጃምና ቦታ አልሰጥ አሉ። ታዲያ ጃምና እህ የምትለው መቼ ነው?

ወደ ዋርካው ሄደች። ቅርንጫፍህን ዘርጋና ነፋሱን አግደው አለችው። ዋርካው ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። እኔ የሁሉም ጥላ ነኝ፣ በሰው ጠብ መሐል አልገባም፣ ወገን አልለይም አላት። በደለኛውም ተበዳዩም ከሥሩ መጥቶ ይረፍ፣ እሱ ምን አገባው። ጃምና ይህን ስትሰማ አንጀቷ አረረ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ዋርካ ነፋሱን አላግድ አለ፤ ነፋስ መብራቱን አላጠፋ አለ፤ መብራት ማሲ ላይ አላጨስ አለ፤ ማሲ ለጃምና ቦታ አልሰጥ አሉ። ታዲያ ጃምና እህ የምትለው መቼ ነው?

ወደ ፍየሏ ሄደች። የዋርካውን ልጥ ላጪልኝ አለቻት። ፍየሏ መጀመሪያ የጃምናን ሻሽ ጫፍ ቀመሰች፤ ሰሊጥ ስለሚሸት ደስ አላት፤ ጨምራ ቀመሰች። ጃምና ሻሿን ነጥቃ ጥያቄዋን ደገመች። ፍየሏ እያመነዠከች ባለኝ ረክቻለሁ አለች፤ ባላቸው የሚረኩ ሁሉ የተባረኩ ናቸው፣ ይህም በበረንዳው ተስተምሯል፣ እናንተ ልጆች ግን አትሰሙም። የተባረከችው ፍየል በዚያው ሳምንት የሰው ሸሚዝ ከገመድ አውርዳ እንደበላች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ፍየል ዋርካውን አልልጥ አለች፤ ዋርካ ነፋሱን አላግድ አለ፤ ነፋስ መብራቱን አላጠፋ አለ፤ መብራት ማሲ ላይ አላጨስ አለ፤ ማሲ ለጃምና ቦታ አልሰጥ አሉ። ታዲያ ጃምና እህ የምትለው መቼ ነው?

ወደ ገመዱ ሄደች። ፍየሏን እሰራት አለችው። ገመዱ እንደተጠቀለለ፣ ታላላቆችህን ታዘዝ ተብዬ ነው ያደግሁት አላት። ጌታዬ እሰር ሲለኝ አስራለሁ፤ ፍታ ሲለኝ እፈታለሁ፤ አንቺ ማን ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?

ይህች «የማን ልጅ ነሽ» ናት ጃምናን የጨረሰቻት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ግን ኀዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ትዕግሥቱንም፣ አለመጉዳቱንም፣ በቃኝ ማለቱንም፣ መታዘዙንም ከማንም በፊት በቃሏ የያዘችው እሷ ናት። አሁን እነዚያው ትምህርቶች አንድ በአንድ እየተነሱ በር ዘጉባት። በረንዳው ላይ ጣፋጩ ሊያልቅ ነው፤ ሁለተኛው ተረት ሊጀመር ነው፤ ቺማንም ገና ሳይጀመር ያዛጋል።

ገመድ ፍየሏን አላስር አለ፤ ፍየል ዋርካውን አልልጥ አለች፤ ዋርካ ነፋሱን አላግድ አለ፤ ነፋስ መብራቱን አላጠፋ አለ፤ መብራት ማሲ ላይ አላጨስ አለ፤ ማሲ ለጃምና ቦታ አልሰጥ አሉ። ታዲያ ጃምና እህ የምትለው መቼ ነው?

የተቀመጠችው በረንዳው ሥር፣ የጋነሻ ምስል ካለበት ትንሽ የጸሎት ስፍራ አጠገብ ነበር። ጋነሻ የዝሆን ራስና ትልቅ ሆድ ያለው አምላክ ነው፤ የሚጋልበውም አይጥ ነው። ያ አይጥ ብቅ አለ። ጃምና ገመዱን ቆርጥምልኝ ልትል አፏን ስትከፍት፣ አይጡ ቀደማት።

«እኔም ቁስል አለኝ» አላት። «ማንም እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ ግን አያውቅም።»

ጃምና እንባዋን ጠረገች። «እህ» አለችው።

አይጡ ነገሩን ጀመረ። ያንን ሁሉ ሆድ የሚሸከመው እሱ ነው። እህ። በበዓል ቀን የአበባው ጉንጉን ሁሉ የሚንጠለጠለው ጋላቢው አንገት ላይ ነው። እህ። አንዲት ቅጠል እንኳ ለተሸካሚው የሰጠ የለም፤ ይልቁንም ጭራውን ይረግጡታል። እህ። ጣፋጭ ሲጠፋ አይጥ በላው ይባላል፤ ጣፋጩን ኪሱ የሚከተው ግን ቺማን ነው። እዚህ ላይ የጃምና «እህ» ፈጠን አለ። አይጡ ስለ ወገቡ ሕመም ሲያወራ ደግሞ «እህ»ዋ ለስለስ አለ። መሐል ላይ የራሷን ንዴት ረስታው ነበር፤ አይጡ ሲጨርስ ተመልሶ መጣባት፣ አሁን ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆኖ።

አይጡ የጃምናን ነገር ሲሰማ፣ ስለ ትዕግሥት የሚተርከው ተረት አልነበረውም። ትምህርት ቤት ያስገባው የለማ። የቱ ጋ ነው ገመዱ ብቻ አለ።

አይጥ ገመዱን ሊቆረጥም ጥርሱን አሾለ። ገመዱ፣ አትቆርጥመኝ፣ ፍየሏን አስራለሁ አለ። ፍየሏ፣ አትሰረኝ፣ ዋርካውን እልጣለሁ አለች። ዋርካው፣ አትላጪኝ፣ ነፋሱን አግዳለሁ አለ፤ ወገን አልለይም ያለው ዋርካ ለቆዳው ሲሆን ወዲያው ወገን ለየ። ነፋሱ፣ አታግደኝ፣ መብራቱን አጠፋለሁ አለ። መብራቱ፣ አታጥፋኝ፣ ማሲ ላይ አጨሳለሁ አለ። ሠላሳ ዓመት የታገሠውን ንጉሥ የሚያደንቀው መብራት አንዲት ትንፋሽ ታህል እንኳ አልታገሠም።

አጨሰ። ጥቁር የሰሊጥ ጭስ ተጠቅልሎ ፑሽፓ ማሲ አፍንጫ ውስጥ ገባ። ማሲ አስነጠሱ፣ አሳላቸው፣ ዓይናቸው በእንባ ተሞላ። ወዲህ ቢዞሩ ጭሱ ወዲህ፣ ወዲያ ቢዞሩ ጭሱ ወዲያ። ቺማን «እህ» አለ፤ ማንም ምንም አልተናገረም ነበር።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ማሲ። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

ቺማን ምንጣፉን ለቀቀ። ጃምና ከበረንዳው ሥር ወጥታ፣ በልጆቹ ሁሉ መካከል አልፋ፣ ቀዩ ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ጭሱ ቆመ። ማሲ ዓይናቸውን በሻርባቸው ጠርገው ሁለተኛውን ተረት ጀመሩ። «በአንድ አገር አንድ ንጉሥ ነበረ።»

«እህ» አለች ጃምና። ስንት ዘመን በሆዷ የኖረው «እህ» በአፏ ወጣ፤ ልጆቹም ዞረው አዩዋት።

«ንጉሡም ሕዝቡን ሁሉ እኩል ይወድ ነበር።»

ጃምና ዝም አለች።

ማሲ ጠበቁ። ያልሰማች መስሏቸው ደገሙላት፤ ንጉሡ ሕዝቡን ሁሉ እኩል ይወድ ነበር። ጃምና አሁንም ዝም። እህ ካልተባለ ደግሞ ተረቱ አይሄድም። ቺማን እንኳ አልተኛም።

«ምነው ልጄ?»

«ይህንን እህ ማለት አልችልም፣ ማሲ» አለች ጃምና። «ያ ንጉሥ እኩል የሚወድ ከሆነ፣ ጫማ አጠገብ የተቀመጡትን ማን አስቀመጣቸው?»

ጃምና እህ አልል አለች፤ ተረቱ አልሄድ አለ፤ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ማሲ ፊታቸውን አጨማደዱ። ሊቆጡም አሰቡ። ጫማዎቹ ወዳሉበት አዩ፤ እዚያ አሁንም ሌሎች ሁለት ልጆች ተቀምጠው ነበር፣ የሸክላ ሠሪው ልጅና የልብስ አጣቢዋ ልጅ። ከዚያ ወደ ጃምና ዞረው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ተረቱን ከጀመሩበት አነሱት።

«ንጉሡ ሕዝቡን እኩል የሚወድ ይመስለው ነበር።»

«እህ» አለች ጃምና።

ተረቱም መንገዱን ቀጠለ። ወዴት እንደደረሰ የምታውቀው ጃምና ናት፤ እኔ ከኋላ ስለነበርሁ ይህን ያህል ብቻ ሰምቼ መጣሁ።